የአርብ ቀትር ውሃ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ደሴ

የገበሬን ልጅ እርሻ ማስተማር ለቀባሪ ማርዳት ነው ይባላል። አይደለም። የገበሬ ልጅ ስለ እርሻ የሚያውቀው አባቱ የሚያውቀውን ነው። አባቱ የማያውቀው ደግሞ ብዙ ነገር አለ፤ እንደ እኔ አባት፣ እንደ እናንተም አባት።

ይህን ለማለት ሦስት ቀንና አንድ የቆሰለ መዳፍ አስፈልጎኛል። ከጥቂት ወራት በፊት በዚሁ ዓምድ ላይ የጻፍሁት ተቃራኒውን ነበር። የትምህርት ቤት የጓሮ አትክልት ማለት ሰኔ ላይ ባለሥልጣን ፊት የሚተከል፣ መስከረም ላይ አረም ውጦት የሚገኝ፣ ሪፖርት ላይ ብቻ የሚያፈራ ተክል ነው ብዬ ነበር። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። ብዙ ሰው ሳቀበት።

አንዲት አንባቢ ግን አልሳቀችም። ዘይነባ ትባላለች፤ አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ወጣ ባለች አንዲት መንደር፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ናት። ስልኬን ከየትም ፈልጋ ደወለች።

"ጋሼ፣ ስለ ሰኔው እውነትዎን ነው" አለችኝ። "ሰኔ ይተክላሉ፤ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ መስከረም ስንመለስ አረም እናጭዳለን። እኔ ግን የምተክለው ጥቅምት ነው። ልጆቹ ባሉበት፣ በበጋ። ይምጡና ይዩት።"

"በበጋ ውሃ ከየት ታመጫለሽ?"

"እሱን ነው ያላገኘሁት" አለች። "ሐሙስ ይወሰናል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። መንደሩ ከተራራው የሚወርድ አንድ የመስኖ ቦይ አለው። እያንዳንዱ ቤት በቦዩ ላይ ተራ አለው፤ ትምህርት ቤቱ ግን የለውም። አምና አትክልቱ ጥር ላይ ደርቆ ቀረ። ዘንድሮ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ቁርጡን ነግሯታል፦ ሐሙስ ቦዩ ተጠርጎ መንደሩ ሲሰበሰብ ውሃ ካገኘች መሬቱ የእሷ ነው። ካላገኘች ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ባሕር ዛፍ ውሃ ከየት ታመጣለህ ተብሎ የሚጠየቅበት አገር የለም።

ስለዚህ ዛሬ ማለዳ የደሴ ብርድ ጆሮዬን እየቆነጠጠኝ መናኸሪያ ቆሜአለሁ። ረዳቱ "ሐይቅ! ሐይቅ ውጫሌ! የሞላ ነው!" ይላል። መኪናው ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን።

እስኪሞላ አንድ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ጢጣን አልፈን ቁልቁል ጀመርን። ሾፌሩ ሙዚቃውን ከፍ አደረገና በመስታወት አየኝ።

"የት ነህ ጋሽዬ?"

"አምባሰል።"

"ለግሸን ነው? ግሸን እኮ መስከረም ላይ ነው፤ አልፎሃል!"

"አትክልት ላይ ነው።"

"አትክልት ደሴ ጠፋ እንዴ?"

"የትምህርት ቤት አትክልት ነው።"

ከት ብሎ ሳቀ። "እኛ ጊዜ የትምህርት ቤት አትክልት ቅጣት ነበር። ያረፈደ ይኮተኩታል፤ የረበሸ ውሃ ይቀዳል። ወላሂ ያን ጓሮ ግማሹን ያለማሁት እኔ ነኝ። አንዲት ጎመን አልቀመስሁም።"

ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ምሁራኖቻችን "ወጣቱ ለምን መሬት ይጠላል?" እያሉ ዐውደ ጥናት ያካሂዳሉ። ዶማን ለስምንት ዓመት የቅጣት መሣሪያ አድርጎ ያሳየውን ሰው ማንም አልጠየቀም።


ረቡዕ፣ 2 ሰዓት ተኩል፤ ሐይቅ

ሐይቁን ያየ ሁሉ መንፈሱ እንደሚረጋጋ ይናገራል። እኔን የተሰማኝ ረሃብ ነው። ታንኳዎቹ ገብተዋል፤ ቄጤማው ዳር ሁለት ሰዎች መረባቸውን ያራግፋሉ፤ ከመንገዱ ማዶ ባለች የቆርቆሮ ቤት ዘይት ይንጫጫል። አንድ ሙሉ የቆሮሶ ጥብስ 300 ብር። ጥርት ያለ፣ አጥንቱ ድረስ የተጠበሰ፣ በበርበሬ የሚበላ።

"ሰላጣ የለም?" አልኋት ባለቤቲቱን።

"የለም የኔ ጌታ። ቲማቲም የሚያመጣው መኪና አልገባም።"

ዓይኔን ወደ በሩ አሻገርሁ። እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ ውሃ ነው። ሴትዮዋም የማየውን አየች።

"ምን ታያለህ፤ ውሃ ብቻውን ቲማቲም አይሆንም" አለችና ሌላ ዓሣ ገለበጠች።

ይህን አባባል ከብዙ የልማት ሰነዶች ጋር አነጻጽሬዋለሁ። እሷ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሳዋለች።


ረቡዕ፣ 6 ሰዓት፤ ውጫሌ

ውጫሌ ሲባል የተማረ ሰው ሁሉ ስለ ውሉና ስለ አንቀጹ ይነግራችኋል። ከተማዋ ግን በአንቀጽ አትኖርም፤ በሽንኩርት፣ በጨው፣ በባጃጅና ማኅተም በሚጠብቅ ሰው ትኖራለች። በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሰዎች ዶሴያቸውን ታቅፈው ጥላ ጥላውን ተደርድረዋል። ዘይነባ ሲባጎ አምጡልኝ ብላኝ ስለነበር ሁለት ጥቅል ገዛሁ።

"ለምን ነው?" አለ ባለ ሱቁ።

"ለመደብ መስመር ማስያዣ።"

"ለልጆቹ ነው? የመምህርት ዘይነባ ሰው ነህ?" ሦስተኛ ጥቅል ጨመረና ገንዘብ አልቀበልም አለኝ። "ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። ቤት መጥታ እናቷን 'ጎመኑን ለምን አጠጋግተሽ ተከልሽው?' ብላ ተጣልታታለች። እናትየው እስከ ዛሬ አኩርፋለች።"

"አንተስ?"

"እኔማ ጎመኑን አየሁት። ልጅቷ እውነቷን ነው። ግን ለሚስቴ እንዲህ ብዬ ልናገር? አላብድም።"


ረቡዕ፣ 8 ሰዓት፤ ትምህርት ቤቱ

ባጃጁ አቧራውን አስነሥቶ አውርዶኝ ተመለሰ። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ ቆሟል፤ ከበላዩ የአምባሰል ገደል አለ። ሰው ሁሉ ስለዚህ ተራራ የሚያውቀው በዘፈን ነው። ዘፈኑ ቦይ እንዳለው አይናገርም።

የመንደሩን ስም አልጽፍም። ዘይነባ ከለከለችኝ፤ "ስሙ ከወጣ ጎብኚ ይበዛል፤ ጎብኚ መደብ ይረግጣል" ብላ።

ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ረጅም ሻሽ፣ ከጉልበት በታች ቦቲ ጫማ፣ እጇ ላይ የጠመኔና የጭቃ ድብልቅ። መጀመሪያ ያሳየችኝ አትክልቱን አይደለም፤ ባዶ ክፍል ነው። በሩ ላይ "ቤተ ሙከራ" የሚለው ጽሑፍ አልለቀቀም። ውስጡ ግን ከአራት የሲሚንቶ ጠረጴዛ በቀር ምንም የለም። በጦርነቱ ጊዜ ማጉያ መነጽሩም፣ ብልቃጡም፣ መደርደሪያውም አልተረፈም።

"ሥር እንዴት ውሃ እንደሚጠጣ በጠመኔ ሥዬ አንድ ዓመት አስተማርሁ" አለች። "ሁሉም ፈተናውን አለፉ። አንዱም አልገባውም። ከዚያ ዶማ ያዝሁ።"

አትክልቱ ከክፍሎቹ ኋላ ነው። ዐሥራ ሁለት መደብ፤ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ሽንኩርት፣ ካሮት። እያንዳንዱ መደብ ራስ ላይ የክፍሉ ስም የተጻፈበት ቆርቆሮ ተተክሏል። አፈሩ ከላይ መሰንጠቅ ጀምሯል። ልጆቹ በጀሪካን ከወንዝ እያመላለሱ ነው ያቆዩት፤ ወንዙ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ጥር ላይ ደግሞ የለም።

ከዘንድሮዎቹ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች አንዷ፣ ትዕግሥት የምትባል፣ ቀጥ ያለች፣ ስትናገር ዓይኗን የማትሰብር ልጅ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ታሪክ ነገረችኝ።

"መምህርት ደሴ ስብሰባ ሄደች። ካሮት የሚዘራበትን አዘጋጁ ብላን ነበር። እኛ ደግሞ አሳምረን አዘጋጀን።"

"እንዴት አዘጋጃችሁ?"

"አስረገጥነው።" ጓደኞቿ ከወዲሁ መሣቅ ጀምረዋል። "አራት አህያ አስገብተን አስረገጥነው። ከዚያ በተንነው።"

ለከተማ አንባቢ ላብራራ። ጤፍ ሲዘራ ማሳው በከብት ይረገጣል፤ ዘሩ ደቃቅ ነውና ልል አፈር ውስጥ ከገባ ይቀራል። ስለዚህ እነዚህ ልጆች ሲወለዱ ጀምሮ የሚያውቁትን፣ አባቶቻቸው የሚመሰገኑበትን ሥራ፣ ያለ ማንም አዛዥ ሠሩ። ዘይነባ ስትመለስ መደቡ እንደ አስፋልት ጠንክሮ ጠበቃት።

"ካሮቱስ?"

"በቀለ" አለች ትዕግሥት። "ሲነቀል አንዱ ሱሪ የለበሰ ይመስላል። አንዱ ዝንጅብል ነው። አንዱ ደግሞ..." አፏን በእጇ ያዘች።

"እሱን ተይው!" አለች ዘይነባ።

ዘይነባ አልተቆጣችም። በሚቀጥለው ዙር መደቡን ለሁለት ከፈለችው፤ ግማሹን አስረገጠች፣ ግማሹን በዶማ አላላች። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ዘር ዘሩ፤ ነቀሉ፤ በማስመሪያ ለኩ። ሥር ምን እንደሚፈልግ፣ ጤፍ ለምን ጠንካራ፣ ካሮት ለምን ልል አፈር እንደሚወድ ከዚያ ወዲህ ማንም በጠመኔ አልሣለላቸውም።

እዚህ ላይ ነው የጻፍሁትን ጽሑፍ የዋጥሁት። የከተማ ልጅ ይህን ስህተት አይሳሳትም፤ ምንም ስለማያውቅ በወረቀቱ እንደተባለው ያደርጋል። የገበሬ ልጅ የሚሳሳተው ስለሚያውቅ ነው። ያወቀውን የሚፈትንበት ቦታ የሚያስፈልገው ደግሞ አዋቂ ለሆነ ሰው ነው።

"አሁን ዋናውን ላሳይዎት" አለች ዘይነባ።

ዋናው በስኳር ጆንያ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ ትልቅ ሠንጠረዥ ነው። የቦዩ ጭራ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አልፎ ወንዝ ይገባል። አምስተኛ ክፍል ግራፍ ሲማሩ፣ ዘይነባ ምልክት የተቀረጸበት እንጨት ጭራው ላይ አስተከለቻቸው። ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት፣ ውሃው ስንት ምልክት እንደነካ በየተራ ይጽፋሉ። ሳምንቱን ሙሉ ጭራው ደረቅ ነው፤ ባለ ተራው ውሃውን ወደ ማሳው ይጠልፈዋልና። አንዳንድ ቀን ግን ሞልቶ ወደ ወንዝ ይፈሳል። ለምን እንደሆነ ዘይነባ አላወቀችም።

"የከተማ ልጅ ነኝ። ጥያቄውን ለክፍሉ ሰጠሁ። ትዕግሥት እጇን አወጣች።"

"ሃያ አንድ ስለሆነ ነው" አለች ትዕግሥት። "ማርያም ናት። አባቴ በማርያም ቀን ውሃ አይነካም።"

ሌሎቹም ተከተሉ። ዐሥራ ሁለት ሚካኤል ነው፤ ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ ነው። ተራው የክርስቲያን ገበሬ ከሆነ ውሃው ወንዝ ይገባል። ለእሁድ አባቶች ድሮ መላ አበጅተውለታል፤ እሁድ የሙስሊሞች ተራ ብቻ ነው። የወር በዓላት ግን በሳምንቱ ውስጥ ስለሚዞሩ ማንም አልደረሰባቸውም። አርብ ደግሞ ባለ ተራው ሙስሊም ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ለጁምዓ ሲሄድ፣ ማሳው እንዳይሸረሸር መጥለፊያውን ይዘጋል። ያም ውሃ ወንዝ ይገባል።

"ታዲያ ወንዝ የሚገባውን ለምን አትወስዱትም?"

ልጆቹ ወደ ዘይነባ ዞሩ። ዘይነባ ፊቷ ቀላ። "አምና አንድ አርብ ወሰድነው" አለች። "የሰው ተራ አይነካም፤ ባለቤቱ ባይጠቀምበትም አይነካም። እኔ አላወቅሁም። ሸህ ይማም፣ የውሃ አባታችን፣ ተራ የሚያስጠብቁት እሳቸው ናቸው፣ መጥተው በገዛ እጃቸው ዘጉት። 'ትምህርት ቤት ሌብነት ማስተማር ጀመረ ወይ?' አሉኝ በልጆቼ ፊት።"

ሠንጠረዡን መጠቅለል ጀመረች። "ነገ እምቢ ካሉኝ ደግሞ ልክ ናቸው" አለች።


ሐሙስ፣ 1 ሰዓት፤ ቦዩ ላይ

ለቦይ ጠረጋ አርብ አይሆንም፣ እሁድ አይሆንም፣ የወር በዓል አይሆንም። የዚህን መንደር የሥራ ቀን መምረጥ በራሱ ትምህርት ይጠይቃል። ሐሙስ ከሁሉም ነጻ ነው።

ሰው ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ ወጥቷል። ለእያንዳንዱ ቤት የሚጠርገው ርዝመት በአካፋ እጀታ ይለካል። ዘይነባ ሁለት መምህራንና የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ይዛ መጣችና ሸህ ይማም ፊት ቆመች።

"ለትምህርት ቤቱም ይለኩልን።"

ሸህ ይማም ቀጭን፣ ጺማቸው የነጣ፣ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየዓመቱ እሳቸውን ይመርጣል፤ ለማንም ስለማያደሉ ማንም አይወዳቸውም፤ ግን ሁሉም ያምናቸዋል። አዩዋት። ምንም ሳይሉ አራት እጀታ ለኩላት።

"መምህርት! ጠመኔ እንዳይመስልሽ!" አለ አንዱ ከላይ።

"ጠመኔውም አልቆብናል፤ አካፋ ይሻላል!" አለች ሳትዞር።

ትልቅ ሳቅ ሆነ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም፤ አቶ አራጋው፣ የትዕግሥት አባት፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ገበሬ። እኔም ለትምህርት ቤቱ አካፋ ይዤ ነበርና፣ ከእኔ ቀጥሎ ነበር የሚጠርገው።

"አንተ ጋዜጠኛ ነህ?" አለኝ።

"ጸሐፊ ነኝ።"

"እንግዲያ ይህን ጻፍ። እኔ ልጄን ትምህርት ቤት የላክኋት ከዚህ አካፋ እንድታመልጥ ነው። እነሱ ደግሞ አካፋ ያስይዟታል። ለአካፋ ለአካፋማ እኔው አላስተምራትም ነበር? በነጻ?"

መልስ ነበረኝ፤ አልተናገርሁትም። አንደኛ፣ የሰውየው ሐሳብ ሞኝነት አይደለም። ሁለተኛ፣ መዳፌ ተልጦ ነበር። አየውና የእኔን ድርሻ ግማሹን ሳልጠይቀው ጠረገልኝ።


ሐሙስ፣ 7 ሰዓት፤ የቦዩ ራስ

ሰዉ ውሃው ከድንጋይ በሚወጣበት ላይ አካፋውን ተደግፎ ተቀመጠ። ሸህ ይማም ዱዓ አደረጉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ። ተራ ተነበበ፤ ሁለት ጥል ታረቀ። ከዚያ ዘይነባ ተነሣች። ከኋላዋ ስድስት ተማሪዎች ጆንያውን ዘርግተው ያዙ።

"ተራ ልጠይቅ አልመጣሁም" አለች። "ከማንም ቤት ተራ አይጎደልም። አምና ሳልጠይቅ ነክቻለሁ፤ አጥፍቻለሁ፤ አፉ በሉኝ። ዛሬ የምጠይቀው ማንም የማይጠጣውን ነው። እሱንም ልጆቹ ይንገሯችሁ።"

ትዕግሥት ወደ ፊት ወጣች። ጣቷን ጆንያው ላይ እያስኬደች ማንበብ ጀመረች። "ጥቅምት ሃያ አንድ፣ ማርያም። ጠዋት ስድስት ምልክት፣ ቀትር ስድስት፣ ከሰዓት ስድስት። ሙሉ ቀን ወንዝ ገባ። ባለ ተራው..." ቆመች። "ባለ ተራው አቶ አራጋው።"

ሰዉ ፈነዳ። "ኧረ አራጋው! ልጅህ ጉድህን አወጣችው!" "በል እንግዲህ፣ ከአካፋ አምልጣ ወደ አንተ መጣች!" አራጋው መሬት መሬት እያየ ነው።

"አርብ" አለች ትዕግሥት ሳቁ ሳይበርድ። "ቀትር፣ ሰባት ምልክት። ወንዝ ገባ። ባለ ተራው ሸህ ይማም።"

አሁን ሳቅ የለም። ሁሉም ሸህ ይማምን ያያል። ሽማግሌው አገጫቸውን ይዘው ጆንያውን አዩ፤ ቀረብ ብለውም ምልክቶቹን በጣታቸው ነኩ።

አራጋው ተነሣ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ይህ ከቁጣ ይከብዳል። "ሂሳቡ ልክ ነው" አለ። "ግን አንድ ነገር አለ። እኔ ውሃውን የምተወው ለማርያም ብዬ ነው። በእኔ ተራ፣ በእሷ ቀን፣ መደብ ከተጠጣበት ሥራ ተሠራ ማለት ነው። በዓሏን የሻርሁት እኔ እሆናለሁ። ልጄ በሌላ ቀን አካፋ ብትይዝም በማርያም ቀን አትይዝም።"

ክርስቲያኖቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘይነባ ለዚህ ሠንጠረዥ አልነበራትም። ሁለት ዓመት የተለካ ውሃ እዚያው ዓይኔ ሥር ወደ ወንዝ ሲመለስ አየሁት።

ትዕግሥት ጆንያውን ለጓደኛዋ አስይዛ አባቷን አየችው። "እኔ አልይዝም አባዬ" አለች። "በማርያም ቀን ሰዓዳና እነ ሙሐመድ ይይዛሉ። ለእነሱ በዓል አይደለም። አርብ ቀትር ደግሞ እነሱ ሲሰግዱ እኔ እይዛለሁ።"

ሸህ ይማም ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውን መታ አደረጉ።

"ሱብሐነላህ" አሉ። "ሰባ ዓመት በዚህ ቦይ ስጨቃጨቅ ይህን የሚለኝ አጣሁ።" ወደ አራጋው ዞሩ። "አራጋው፣ አንተ ለማርያም የተውኸውን ውሃ ለሙስሊም ልጅ ብትሰጠው ምን ይባላል?"

አራጋው ብዙ አሰበ። "ምጽዋት" አለ።

"እኔስ የአርብ ቀትሬን ለአንተ ልጅ ብሰጣት?"

"ሰደቃ!" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ግን ትከሻ የሚያወርድ ዓይነት ነበር።

አራጋው ግን ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚሸነፍ ሰው አይደለም። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ አራት እጀታውን ይጥረግ፤ ከተሰጠው ሰዓት አንዲት ደቂቃ ያሳለፈ እንደ ማንኛውም ሰው ይቀጣ፤ መምህርቷም ብትሆን። ዘይነባ "እስማማለሁ" አለች። ሸህ ይማም "ተራው ጸንቷል" አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ዘይነባ የሻሿን ጫፍ ይዛ ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች።

ቁልቁል ስንወርድ አራጋው አጠገቤ መጣ። "ያቺ ልጅ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ከአካፋ አታመልጥም። ዳኛ ነው የምትሆነው።"


አርብ፣ 5 ሰዓት ተኩል፤ አትክልቱ

የዛሬው ተራ የሸህ ይማም ነው። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ጠርዙን በአንድ እጅ ሰብስበው፣ ማሳቸው ዳር የመጥለፊያውን ጭቃ ራሳቸው ዘጉ። ከዚያ አካፋውን ለትዕግሥት ሰጧት።

"ሰባት ተኩል" አሏት።

"ሰባት ተኩል፣ አባባ።"

"አንዲት ደቂቃ ካለፈ እቀጣሻለሁ።"

"ሰዓት አለኝ" አለች፤ የዘይነባን የእጅ ሰዓት አስራለች።

የክርስቲያን ልጆቹ ቦዩን ተከትለው ሮጡ። ውሃው ከፊታቸው ቅጠልና አቧራ እየገፋ፣ ደረቁን እየላሰ፣ አጥሩ ሥር ሲደርስ ትዕግሥት አንድ ጊዜ በአካፋ መታችው። ታጠፈ። አንደኛው መደብ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። የተሰነጠቀው አፈር ሲጠጣ ድምፅ አለው፤ አላውቅም ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ያነበብሁት መጽሐፍ ሁሉ አልነገረኝም። አንድ ትንሽ ልጅ መደቡ ላይ በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ማንም ተነሣ አላለውም።

ዘይነባ ግን የለችም። ፈለግኋት። የባዶው ቤተ ሙከራ በር ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ፣ በሲሚንቶ ጠረጴዛዎቹ መካከል፣ ምንጣፏን አንጥፋ ትሰግዳለች። ሁለት ዓመት የለመነችው ውሃ ሲገባ አላየችውም። በስምምነቱ መሠረት ይህ ሰዓት የእሷ አይደለም፤ እሷም አልነካችውም።

ስትወጣ ዐሥራ አንዱ መደብ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ልጆቹ እሷን ሲያዩ ጮኹ፤ ቦቲ ጫማዋን አጠለቀች፤ በመደቦቹ መካከል እስከ ጥጉ ሄደች።

"ያኛው ተዘሏል" አለች።

ትዕግሥት ሮጣ ከፈተችው። ዘይነባ እየሳቀች ነበር፤ እንባዋም እየወረደ ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ እጅጌ ጠረገችው። "ቆማችሁ ምን ታያላችሁ!" አለች ወደ ልጆቹ። "ስንት ሰዓት ገባ? እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ለመድረስ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ጻፉት!"

በሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ትዕግሥት ውሃውን መለሰችው። አምስት ደቂቃ ተርፏታል። ከመስጊድ የሚመለሱት ሰዎች አጥሩ ላይ ተደርድረው ያያሉ። ሸህ ይማም ሰዓታቸውን አዩ፤ አካፋቸውን ተቀበሉ፤ "አብሽሪ" አሏት፤ ሄዱ። ኮሚቴው የገዛው የባሕር ዛፍ ችግኝ ዘበኛው ቤት ጀርባ አለ። ማን እንደሚወስደው ሲከራከሩ ትቻቸው መጣሁ።


አርብ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት፤ ደሴ

ቤቴ ገባሁ። ጫማዬ ላይ የአምባሰል ጭቃ አለ፤ መዳፌ በጨርቅ ታስሯል። ያለፈውን ጽሑፌን አውጥቼ አነበብሁት። አሁንም ያስቃል። ስህተት ነው። በዚህ ዓምድ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ የመጀመሪያው አይደለም።

ከእናንተ ከአንባቢዎቼ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። "ደስ የሚል ታሪክ" ብላችሁ እንዳታልፉኝ፤ ለእነ ዘይነባም ምንም አትላኩ፤ እነሱ ውሃቸውን አግኝተዋል። ከእናንተ ቤት አጠገብ አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ ግቢውም በበጋ ደረቅ ነው። እናንተም ዘንድ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቀን፣ ማንም ሳይጠጣው የሚፈስ ውሃ አለ፤ ከቧንቧ፣ ከጉድጓድ፣ ከመስጊዱ ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ። የት እንደሆነ ዛሬ እወቁ። ሰኞ ጠዋት ሂዱና ስጧቸው።